ነጂው ሌላ ሥራ ለመሞከር ፈቃድ ሲጠይቅ

በንግድ ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የአገራችን የወጪና የገቢ ንግድ በአብዛኛው በጭነት መኪና ነጂ እጅ ያልፋል። በባሕር ከሚመላለሰው ዕቃ ከመቶው ከ90 እጅ የሚበልጠው የሚገባውና የሚወጣው በጂቡቲ ወደብ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ምድር ባቡር ጭነት ማመላለስ ቢጀምርም፣ አብዛኛው ዕቃ ዛሬም በሚሌና በጋላፊ በኩል ወደ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ በካሚዮን ይጓዛል። ስለዚህ አንድ ነጂ ከሥራው የሚቀርበት ቀን የባለመኪናው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ኮንቴይነሩን የሚጠብቀው አስመጪ፣ ቡናውን መርከብ ሳይነሣ ማድረስ ያለበት ላኪ፣ መደርደሪያው የጐደለበት ባለሱቅም ጉዳይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ነጂው በሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ጠይቆ ለቃል ጥያቄ ወይም ለመንዳት ፈተና ሲጠራ አሠሪውን እንዴት ፈቃድ መጠየቅ እንደሚገባው፣ አሠሪውም ምን መመለስ እንደሚገባው ነው። ጉዳዩ ቀላል ቢመስልም፣ በአያያዙ ጉድለት ምክንያት ብዙ ጥሩ ሠራተኛና ብዙ ጥሩ አሠሪ ተቈራርጠው ተለያይተዋል።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንመልከት። ዛሬ የሚሠራበት ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ ውስጥ ለጋብቻ፣ ለቅርብ ዘመድ ሐዘንና ለሌላም የተወሰነ ፈቃድ ተደንግጓል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ሌላ ሥራ እንዲፈልግ አሠሪው ፈቃድ ይስጠው የሚል የተለየ ድንጋጌ የለም። በሌሎች አገሮች ይህ የተጻፈ መብት የሆነበት ቦታ አለ። ለምሳሌ ያህል የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 629፣ የሥራ ውሉ በማስጠንቀቂያ የሚቋረጥበት ሠራተኛ ሌላ ሥራ የሚፈልግበት ተገቢ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። በእኛ ዘንድ ግን ነገሩ የተተወው ለሁለቱ ወገኖች ስምምነት ነው።

ይሁን እንጂ የሕጉ ዝምታ መንገዱን ሁሉ ዘግቶታል ማለት አይደለም። ነጂው በሁለት በር ሊገባ ይችላል።

አንደኛው በር የዓመት ዕረፍቱ ነው። በአንቀጽ 77 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ዕረፍት ያገኛል፤ ከዚያም በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርለታል። እንግዲህ 5 ዓመት ያገለገለ ነጂ 18 የሥራ ቀናት አለው ማለት ነው። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ዕረፍቱን ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። በዕረፍቱ ቀን ወዴት እንደሚሄድ ለማንም እንዲናገር ሕጉ አያስገድደውም። ዕረፍቱ የሚሰጠው ግን አሠሪው ባወጣው ተራ ስለሆነ፣ ነጂው በፈለገው ማለዳ ብድግ ብሎ የሚወስደው ነገር አይደለም።

ሁለተኛው በር ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ ነው። በአንቀጽ 18 እንደተመለከተው፣ ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ያለ ደመወዝ ፈቃድ ከሰጠው፣ ከሥራ ውሉ የሚመነጩት መብትና ግዴታ ለጊዜው ይታገዳሉ እንጂ ውሉ አይፈርስም። ዕረፍቱን ለጨረሰ ነጂ የሚጠቅመው ይህ ነው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለው ሦስተኛው መንገድ የውሸት መንገድ ነው። አጐቴ ሞተ ማለት፣ ያልታመሙትን በሽታ መታመም፣ ካሚዮኑን ተበላሸ ብሎ ከጋራዥ ማቆም በየጊዜው የሚሰማ ነገር ነው። ያለ በቂ ምክንያትና ያለ ፈቃድ መቅረት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በ6 ወር ውስጥ 5 የሥራ ቀን ከሞላ፣ አሠሪው ውሉን ያለ ማስጠንቀቂያ ለማቋረጥ ይችላል። በሐሰተኛ የሐኪም ወረቀት መገልገልም ሕጉ ለሠራተኛ ከከለከላቸው ድርጊቶች አንዱ ነው። ከሕጉም ይልቅ የሚያስፈራው ወሬው ነው። የነጂዎችና የባለመኪኖች ዓለም ጠባብ ስለሆነ፣ አዳማ ላይ የተነገረ ውሸት ሚሌ ሳይደርስ ይታወቃል። አዲሱ አሠሪም ስለ ነጂው ጠባይ የሚጠይቀው ያንኑ የቀድሞውን አሠሪ መሆኑን መርሳት አይገባም።

እንግዲህ ነጂው እንዴት ይጠይቅ? በሥራችን ብዙ ማመልከቻ ሲቀርብ እንደምናየው፣ መልካም ምላሽ የሚያገኘው አራት ነገሮችን የያዘው ነው። በመጀመሪያ ጥያቄው ጭነት ሳይመደብ በፊት መቅረብ አለበት፤ ዕቃው ተጭኖ ወረቀቱ ካለቀ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ እንደ ማስፈራራት ይቈጠራል። ቀጥሎ ቀኑ ተለይቶ ይነገር፤ «ጥቂት ቀን» ከማለት ይልቅ «ሐሙስና ዓርብ፣ 2 ቀን» ማለት ይሻላል። ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ከዓመት ዕረፍት ይታሰብ ወይም ያለ ደመወዝ ይሁን ብሎ መግለጽ ያስፈልጋል። አራተኛ፣ በእነዚያ ቀኖች ካሚዮኑን ማን እንደሚይዝ ወይም ጉዞው እንዴት እንደሚስተካከል ሐሳብ ማቅረብ ነው።

ምክንያቱን በግልጽ መናገር ይገባዋልን? ይህ በአሠሪው ጠባይ የሚወሰን ነው። ረጅም ጊዜ አብረው የሠሩና የሚተማመኑ ከሆነ፣ እውነቱን መናገር የበለጠ ያስከብራል። ያ መተማመን ከሌለ ግን «ለግል ጉዳዬ» ማለት ይበቃል፤ ይህ ዝምታ ነው እንጂ ውሸት አይደለም። ለምሳሌ እንዲህ ብሎ መጻፍ ይቻላል፦

«ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ። እኔ በነጂነት የማገለግል ሠራተኛ፣ ለግል ጉዳዬ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስና ዓርብ ከዓመት ዕረፍቴ የሚታሰብ የ2 ቀን ፈቃድ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ረቡዕ ማታ ካሚዮኑን ከነሙሉ ዕቃው ለጋራዡ ኀላፊ አስረክባለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ለጉዞ ዝግጁ እሆናለሁ።»

አሁን ደግሞ ወደ አሠሪው እንመለስ። ብዙ ባለመኪኖች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብላቸው እንደ ክሕደት ቈጥረው ነጂውን ያን ዕለቱን ሊያባርሩት ይቃጣቸዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሒሳቡን ረጋ ብሎ ማስላት ይሻላል። ነጂው የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ በኋላ በአንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ መብቱ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሳይሰጥ ጥሎ ቢሄድ፣ በአንቀጽ 45 ካሣ ይከፍላል፤ ካሣው ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም፤ የሚታሰበውም ከሚቀረው ክፍያ ላይ ነው። ኮንቴይነሩ በወደብ ወይም በመንገድ ቆሞ የሚቈጥረው የመጋዘንና የመዘግየት ሒሳብ፣ መርከብ ያመለጠው ቡና፣ የተከፋው ደንበኛ፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ነጂ የወር ደመወዝ አይሸፈኑም።

ከዚህ የምንረዳው፣ አሠሪውን ከድንገተኛ ጉዳት የሚጠብቀው ሕጉ ብቻ እንዳልሆነ ነው። ነጂው የሚያስበውን አስቀድሞ እንዲናገር የሚያደፋፍረው መተማመን ከሕጉ ይልቅ ይጠብቀዋል። ፈቃድ ጠይቆ የሄደ ነጂ ሥራውን ቢያገኝ 30 ቀኑን ሠርቶ፣ ተተኪውን አሳይቶ፣ መኪናውን አስረክቦ ይሄዳል። በቍጣ የተከለከለ ግን ቍልፉን ለረዳቱ ጥሎ ከመንገድ ይቀራል።

አሠሪው የግድ እሺ ይበል ማለታችን ግን አይደለም። ጭነት ካስቸገረው «በዚህ ሳምንት አይመቸኝም፤ በሚመጣው ሳምንት ግን ማክሰኞን ውሰድ» ብሎ ቀን ሊለውጥለት ይችላል። አንድ ነጂ ብቻ ያለው ባለመኪና ጥያቄውን ቢያዘገይ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት፣ መልስ ሳይሰጥ ነጂውን ሲያጉላላ፣ ወይም ለብቀላ ሲል ክፉ ጉዞ ሲመድብበት ነው። ነጂው ለምን መሄድ እንደፈለገ በእርጋታ መጠየቅም ይጠቅማል፤ ምናልባት ምክንያቱ የውሎ አበሉ መዘግየት ወይም የአንድ ጐማ መበላት ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ማስተካከል አዲስ ነጂ ከማሠልጠን ይረክሳል።

መለያየት የግድ ከሆነም በአግባቡ ይሁን። ውሉ ሲቋረጥ የሚገባው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ይታሰባል። ነጂው የያዘውን የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ቢያዘገይ ግን የክፍያው ጊዜ ሊራዘም ይችላል። የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ ያገለገለበትን ዘመንና የደመወዙን ልክ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ ሊሰጠው ይገባል። ይህ ወረቀት ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለም ሲጠይቅ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ለፈተና የተጠራ ነጂ ወረቀቱን ለማግኘት ሥራ መልቀቅ አያስፈልገውም።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገራችን ሰው። ነጂው ሁለተኛውን ባላ ለመትከል መፈለጉ ነውር አይደለም፤ ቤተ ሰብ ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ሳይጸና፣ ማለት የቅጥሩ ደብዳቤ በእጅ ሳይገባ፣ የመጀመሪያውን መንቀል አይገባም። አሠሪውም ቢሆን ነገ ሌላ ነጂ ፈልጎ ከሌላ ባለመኪና ዘንድ የሚመለምል መሆኑን ቢያስብ፣ ዛሬ ለሚሄደው ነጂ የሚያሳየው ደግነት ለራሱ ሥራ የሚጠቅም ሆኖ ያገኘዋል።