በከፍተኛ ስፍራ የሚያርፍ ትንሽ አይሮፕላንና የፍሬኑ ጉዳይ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የሚወርድ የጭነት መኪና ነጂ፥ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል እንጂ በፍሬን ብቻ አይተማመንም። ፍሬን የእንቅስቃሴን ኃይል በሰበቃ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ በመሆኑ፥ ብዙ ሲሠራ ይግላል፤ ከመጠን በላይ ሲግልም ይዳከማል። ይኸው ሕግ በሚያርፍ አይሮፕላን ላይም ይሠራል።

በ1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ በደረሰበት ዘመን፥ ብዙ አይሮፕላኖች የመንኰራኵር ፍሬን አልነበራቸውም። ከጅራታቸው ሥር ያለው መጎተቻ ሳሩን እየቧጠጠ ያቆማቸው ነበር። ጠንካራ መንደርደሪያ ሲበዛና ፍጥነት ሲጨምር ግን ፍሬን የግድ ሆነ።

የደጋው አገር ችግር የአየሩ መሳሳት ነው። ክንፍ በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት። የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ስለ ሆነ፥ ይህን ጭማሪ ለአብራሪው አያሳይም። ለምሳሌ 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አይሮፕላን ነፋስ በሌለበት ጊዜ በባሕር ዳርቻ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር መሬት ይነካል እንበል። በጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ ከፍታ፥ ማለት በ2,000 ሜትር ገደማ፥ ፍጥነቱ ወደ 99 ይደርሳል፤ በ3,000 ሜትር ደግሞ ከ104 ያልፋል። ቡይት ራስ ከዚህም በላይ ከፍ ያለ ነው። ኃይሉ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለ ሆነ፥ በ3,000 ሜትር ፍሬኑ የሚሸከመው ሥራ በባሕር ዳርቻ ከሚሸከመው አንድ ሦስተኛ ያህል ይበልጣል። ይህ ስሌት ለመደበኛ አየር ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ልዩነቱ ይሰፋል።

በብዙ ትንንሽ አይሮፕላኖች አብራሪው የፔዳሎቹን ጫፍ በእግሩ ጣቶች ሲጫን፥ ዘይት በቀጭን ቧንቧ አልፎ በመንኰራኵሩ ላይ ያለውን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጣብቃል። የቀኙ ፔዳል ለቀኙ፥ የግራውም ለግራው መንኰራኵር ነው። ስለዚህ አንዱ ወገን ቢከዳ አይሮፕላኑ ፍሬኑ ወደሚይዘው ወገን ይጠመዘዛል። ለብልሽት ዋናዎቹ ምክንያቶች የዘይት መፍሰስ፥ አየር ወደ ቧንቧው መግባትና የሸራ ማለቅ ናቸው። ማዕድናዊ ዘይት ለሚጠቀም አይሮፕላን የመኪና ፍሬን ዘይት ቢጨመርበት የጎማ ማሸጊያዎቹን ያበላሻል።

አብራሪው ከማረፉ በፊት ፔዳሎቹን ረገጥ አድርጎ መሞከር አለበት። ፔዳሉ ያለ ተቃውሞ ከገባ፥ ደጋግሞ መርገጥ አንዳንድ ጊዜ ግፊቱን ይመልሰዋል። ካልተመለሰ ረጅም መንደርደሪያ መርጦ፥ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ፥ ከተፈቀደው ዝቅተኛ ፍጥነት ሳያልፍ በመንደርደሪያው መጀመሪያ ላይ ያርፋል። በጎንደር ያለው ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም አስፋልት ለዚህ የተመቸ ነው። መሬት ከነካ በኋላ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል፤ ፍላፖቹንም አየሩ እንዲገታው እንደ ተዘረጉ ይተዋቸዋል። በዝግታ የሚዞር ፕሮፔለር እንኳ ወደ ፊት ስለሚጎትት፥ ማረፉ ከተረጋገጠ ሞተሩን ማጥፋት ይረዳል።

እንደገና ለመነሣት የሚያስብ ግን ውሳኔውን ገና በአየር ላይ ሳለ ማድረግ ይገባዋል፤ የሳሳው አየር የተራውን ሞተር ጉልበትም ይቀንሳልና። እንግዲህ በደጋ አገር የፍሬን ምርመራ ከበረራ በፊትም ሆነ ከማረፍ በፊት ሊታለፍ የማይገባው ሥራ ነው፤ መንደርደሪያውም ፍሬን ቢከዳ እንኳ የሚበቃ መሆኑ አስቀድሞ ይታሰብ።