የወላጆች ስኩተር ባትሪ የሚሞተው በሥራ ሳይሆን ባዶውን በመቀመጥ ነው

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት አስመጥተው አብረው ይኖራሉ። ቀደም ባሉት ዓመታት የተሰደዱትም ቢሆኑ ዛሬ ራሳቸው ወደ አረጋዊነቱ ዕድሜ ገብተዋል። ጉልበት የደከመባቸው እናቶችና አባቶች ባሉባቸው አንዳንድ ቤቶች፣ በጋራዡ ወይም በምድር ቤቱ ጥግ፣ በባትሪ የምትሄድ ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ጎማ ስኩተር ቆማ ትታያለች።

ስኩተሯ ለሚቀመጥባት ሰው ተራ ዕቃ አይደለችም። ልጅ ከሁለተኛው ሥራ እስኪመለስ ሳይጠብቁ ጎረቤት ዘንድ ለቡና መድረስ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ፣ መድኃኒትን በራስ እጅ መቀበል ማለት ናት። የእኛ አገር ወላጅ ደግሞ ሰው ማስቸገር አይወድም። ስኩተሯ የቆመች ዕለት «ውሰዱኝ» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ዛሬስ አላሰኘኝም» ብሎ ቤት መዋልን ይመርጣል። ልጆች እናታቸው መውጣት የተወችው ደክሟት ይመስላቸዋል፤ የደከመው ግን ባትሪው ሊሆን ይችላል።

ስኩተርን ከሥራ ውጪ የሚያደርጋት ብዙውን ጊዜ ሞተሯ ሳይሆን ባትሪዋ ነው። ባትሪውም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስለሠራ ሳይሆን ባዶውን ስለተቀመጠ ነው። ይህን ያወቀ ቤተሰብ ብዙ ወጪና ብዙ የቤት ውስጥ እስር ያስቀራል።

የራዲዮ ድንጋይና የስኩተር ባትሪ

አገር ቤት ሳሉ ራዲዮናቸውን በድንጋይ ያዳምጡ የነበሩ አባቶች ሁለት ልማድ ይዘው መጥተዋል። አንደኛው ድንጋዩ ቶሎ እንዳያልቅ ቆጥቦ መጠቀም ሲሆን፣ ሁለተኛው የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለጥቂት ጊዜ ነፍስ እንዲዘራ ማድረግ ነው። ልጆች ደግሞ ከድሮው ስልክ የተማሩት ሌላ ልማድ አላቸው፤ «ባትሪ ሙልጭ ብሎ ካላለቀ ቻርጅ አይደረግም» ይላሉ። ይህ ምክር ኒኬል ካድሚየም ለሚባለው ባትሪ የተነገረ ነበር።

የአብዛኞቹ ስኩተሮች ባትሪ ግን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው ዓይነት ሲሆን፣ የመኪና ባትሪም የዚሁ ዘር ነው። በስኩተር ውስጥ ያለው ታሽጎ የተሠራ በመሆኑ ውኃ አይጨመርበትም፤ ጄል ወይም ኤ ጂ ኤም የሚል ጽሑፍ ይገኝበታል። በአብዛኛው ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ።

ባትሪው ኃይል በሰጠ ቁጥር በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሊድ ሰልፌት የሚባል ነገር ይጋገራል። ሳይቆይ ቻርጅ ከተደረገ ተመልሶ ይሟሟል። ለሳምንታት ከተተወ ግን እየጠነከረ ይሄድና ሳህኑን ይሸፍነዋል። ነገሩ ወጥ እንደያዘበት ድስት ነው፤ ወዲያው የታጠበው ይጠራል፣ ሳምንት ያደረው ግን ቢፍቁትም አይለቅም። በመሆኑም ይህ ባትሪ ጾም አይችልም። እርሱን መቆጠብ ማለት ሞልቶ ማሳደር ማለት ነው።

አሞላሉ እንዴት ነው?

ስኩተሯ የወጣችበት ቀን ሁሉ፣ ጉዞው እስከ ጥጉ ቢሆንም፣ ማታ ቻርጅ ትደረግ። ቁልፉ መጥፋቱን ያረጋግጡ፤ ቻርጀሩን ከስኩተሯና ከግድግዳው ሶኬት ጋር ያገናኙ፤ ከዚያም የመሙላቱን ምልክት እስኪያሳይ ድረስ ይተዉት። በብዙ ቻርጀሮች ላይ ይህ ምልክት አረንጓዴ መብራት ነው። በጣም የወረደ ባትሪ ለመሙላት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ከመኝታ በፊት ሰክቶ ጠዋት መንቀል ይስማማዋል። ለአንድ ሰዓት ሰክቶ መንቀልን ልማድ ማድረግ ግን ሁልጊዜ ግማሽ ሆድ እያበሉ እንደ ማሳደር ነው።

«መብራቱ ይቆጥራል» የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም። ባለ 35 አምፔር ሰዓት ሁለት ባትሪዎች ሲሞሉ የሚይዙት 840 ዋት ሰዓት ነው። በቻርጀሩ የሚባክነው ተጨምሮ፣ አንድ ኪሎዋት ሰዓት በ17 ሳንቲም ቢታሰብ፣ ሙሉ በሙሉ ለመሙላት የሚወጣው 20 ሳንቲም ገደማ ነው። አዲስ ጥንድ ባትሪ ግን ብዙ ጊዜ ከመቶ ዶላር በላይ ይጠይቃል።

ቻርጀሩ ከስኩተሯ ጋር የመጣው ራሱ ወይም ከባትሪው ዓይነት ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። የመኪና ባትሪ ቻርጀር ለዚህ አይሆንም። የተላጠ ሽቦ፣ ቀጭን ኤክስቴንሽንና ምንጣፍ ሥር የተዘረጋ ገመድ እሳት ይጋብዛሉ። ባትሪ ሲሞላ፣ በተለይ ቻርጀሩ ሲበላሽና ከመጠን በላይ ሲሞላ፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ሊወጣው ስለሚችል አየር ባለበት ቦታ ይሁን። ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃና የዕጣን ማጨሻ ባሉበት ክፍል ውስጥ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም።

አንዳንድ አዳዲስና ቀላል ስኩተሮች በሊትየም ባትሪ ይሠራሉ። የሊትየም ጠባይ ከእርሳሱ ይለያል። ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሙሉ ከመሆን ይልቅ ግማሽ ገደማ ቢሆን ይስማማዋል፤ ከውኃ መርጊያ ነጥብ በታች በሆነ ብርድ ውስጥ ቻርጅ ሊደረግ አይገባም፤ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም ከተመታ ወዲያው ከአገልግሎት ይውጣ። ቻርጅ የሚደረግበት ቦታም የቤቱን መውጫ በር የሚዘጋ መሆን የለበትም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የባትሪውን ጽሑፍ አንብቦ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

በረዶና ሐሩር

ብዙ ባትሪ የሚሞተው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ብርዱ ሲገባ እናት መውጣት ታቆማለች፤ ስኩተሯ ከመጨረሻው ጉዞ እንደተመለሰች ሳትሞላ ጋራዥ ትገባለች። ባትሪ ሳይነካም በየወሩ ጥቂት ጥቂት ኃይል ያጣል። ፀደይ ሲመጣ ቁልፉ ቢዞር ምላሽ የለም። በሚኒያፖሊስ፣ በዴንቨርና በቶሮንቶ ደግሞ ሌላ አደጋ ይጨመራል። ሙሉ ባትሪ ከባድ ብርድ ይችላል፤ ባዶ ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ግን ወደ ውኃነት የተጠጋ ስለሆነ ይረጋል፣ ሲረጋም ሳህኖቹንና ዕቃውን ሊሰነጥቅ ይችላል። የረጋ ባትሪ በፍጹም ቻርጅ አይደረግም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባትሪውን ሞልቶ ማስቀመጥ፣ በወር አንድ ጊዜ መልሶ መሙላት፣ የሚወልቅ ዓይነት ከሆነም ወደ ሞቃቱ ቤት ማስገባት። በብርድ ቀን ሙሉ ባትሪ እንኳ እንደ በጋው ሩቅ ስለማያስኬድ፣ የመመለሻውን መንገድ አስቦ መውጣት ይገባል።

በላስ ቬጋስና በዳላስ ለሚኖሩ ጠላቱ ሙቀት ነው። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በ8 ወይም በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በበጋ መኪና ኮፈን ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ስኩተር በፀሐይ እንደሚሰጣው የራዲዮ ድንጋይ አይታይ፤ ይህኛው ነፍስ አይዘራም፣ ዕድሜው ያጥራል እንጂ።

ከባትሪው ሌላ የሚታይ

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በሳምንት አሥር ደቂቃ ብዙ ነገር ያድናል። ጎማው የሚነፋ ዓይነት ከሆነ በጎኑ ላይ ከተጻፈው ልክ እንዳይጎድል ይታይ፤ የጎደለ ጎማ ባትሪውን ያደክማል፣ ስኩተሯንም ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። የመሪውና የመቀመጫው ቡሎኖች አለመላላታቸው፣ መቀመጫው ሲዞር ቦታው ላይ መቆለፉ፣ መብራቱና ክላክሱ መሥራታቸው ይረጋገጥ። የመንገድ ጨው ብረትና ሽቦ ስለሚበላ፣ ከበረዶ ጉዞ በኋላ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ነው፤ በጎማ ቱቦ ውኃ መርጨት አይገባም። በዓመት ሁለት ጊዜ የባትሪው ገመዶች መያያዣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት እንዳልያዘ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይመልከተው።

ፍሬኑ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ነጂው መንጃውን ሲለቅ ፍሬኑ በራሱ ይይዛል። ስኩተሯን በእጅ ለመግፋት ሲባል ይህን ፍሬን የሚፈታ እጀታ ከኋላ በኩል አለ። ሰው ተቀምጦባት ሳለ ወይም በቁልቁለት ላይ ይህን እጀታ መንካት መኪናን በዳገት ላይ የእጅ ፍሬን ፈትቶ እንደ መልቀቅ ነው።

ስኩተሯ አልንቀሳቀስ ስትልም ቶሎ ባለሙያ አይጠራ። አስቀድሞ የመግፊያው እጀታ ወደ ቦታው መመለሱ፣ ቻርጀሩ መነቀሉ፣ ከባትሪው ዘንድ ያለው የመከላከያ ቁልፍ ተስፈንጥሮ አለመውጣቱ ይታይ። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካለም ስንት ጊዜ እንደሚበራ መቁጠር ነው፤ ቁጥሩ የብልሽቱን ዓይነት ስለሚናገር ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ይመሳከራል። ለባለሙያ ሲደወልም ይህ ቁጥር ይጠየቃል።

አርጅቶ ከሆነስ?

በደንብ የተያዘ ባትሪም ቢሆን አንድ ቀን ያረጃል። ቀድሞ የሚደረስበት ቦታ አጋማሽ ላይ ጠቋሚው ከወረደ፣ ቻርጀሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ «ሞልቷል» ካለ ወይም ሌሊቱን አድሮም ካልሞላ፣ ዕቃው ካበጠ ጊዜው ደርሷል። በቴስተር የሚለካ ሰው፣ ሞልቶ ለጥቂት ሰዓት ያረፈ አንድ ባትሪ 12.8 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፣ ከ12 በታች የሆነው ተሟጧል። ሲቀየር ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነትና በአንድ መጠን ይቀየሩ፤ አሮጌው አዲሱን ጎትቶ ያስረጀዋል። አሮጌዎቹ እርሳስ ስለሆኑ ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣሉም፤ ባትሪ የሚሸጡ ብዙ መደብሮች ይቀበሏቸዋል።

ያገለገለ ስኩተር የሚገዛ ቤተሰብ ከዋጋው በፊት የባትሪውን ዕድሜ ይጠይቅ። ሞልቶ ቀርቦ በሜዳ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ይነዳ፤ ጠቋሚው ቶሎ ከወደቀ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስ።

ሜዲኬር ያላቸው ደግሞ ክፍል ቢ የሚባለው ሽፋን ስኩተርን እንደሚጨምር ይወቁ። ሐኪሙ በአካል መርምሮ በቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ ማዘዝ አለበት፤ ለውጭ መንሸራሸሪያ ብቻ ከሆነ አይከፈልም። ዓመታዊው መነሻ ክፍያ ከተሟላ በኋላ ሜዲኬር ከተፈቀደው ዋጋ 80 በመቶውን ይሸፍናል። በልጆቻቸው አማካይነት መጥተው ግሪን ካርድ የያዙና በራሳቸውም ሆነ በትዳር ጓደኛቸው የሥራ ዘመን መብት የሌላቸው ወላጆች ግን 65 ዓመት ሞልቷቸው፣ በተከታታይ 5 ዓመት ካልኖሩ በስተቀር ሜዲኬርን ከፍለውም መግባት አይችሉም። ያለውን ባትሪ መንከባከብ ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወደ አገር ቤት ሲኬድ

ስኩተሯን ይዞ የሚጓዝ ሰው ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለአየር መንገዱ የባትሪውን ዓይነት ቢያሳውቅ ይበጀዋል። የሊትየም ባትሪ በዋት ሰዓት ልክ ስላለው አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። የአሜሪካ ሶኬት 120 ቮልት ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ነው። ቻርጀሩ ላይ «100–240» የሚል ከተጻፈ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃል፤ ማብሪያ ያለው ከሆነ ከመሰካቱ በፊት ወደ ከፍተኛው ይዙር፤ «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን እዚያ ሲሰካ ይቃጠላል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈርም «ነገ ይሞላል» ማለት ቀርቶ መብራቱ ባለ ጊዜ መሙላት ይሻላል።

ቆርጠው ማቀዝቀዣ ላይ ይለጥፉት

• በወጣችበት ቀን ሁሉ፦ ማታ ቻርጅ፣ ጠዋት መንቀል።
• በሳምንት አንድ ጊዜ፦ ጎማ፣ መብራት፣ ክላክስ፣ ፍሬን፣ የመቀመጫው መቆለፍ።
• በወር አንድ ጊዜ፦ ባትወጣም እንኳ ሙሉ ቻርጅ።
• በዓመት ሁለት ጊዜ፦ የባትሪ ገመዶች፣ ቡሎኖች፣ የቻርጀሩ ሽቦ።
• ባትሪው የተገዛበት ቀን፦ ________________
• የሳምንቱ ተረኛ፦ ________________

የመጨረሻው መስመር ለታላቅ ልጅ ብቻ የተተወ አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ ማታ ቻርጀሩ መሰካቱንና መብራቱ መብራቱን ሊያይ ይችላል። አያትም ጠዋት «ሞልቷል እማማ» የሚል ድምፅ ከሰማች ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች፤ ማንንም አላስቸገረችም።