«ሂ» ወይስ «ሺ»? በእንግሊዝኛ ስንጽፍ የምንረሳው ሰው

አራተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ በቅርቡ የእንግሊዝኛ ደብተሯን ይዛ ኩርፍ ብላ መጣች። የቤት ሥራው ስለ አያት አንድ አንቀጽ መጻፍ ነበር። ልጅቷ «ማይ ግራንድፋዘር» ብላ አባቴን ካስተዋወቀች በኋላ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር በ«ዘይ» ጀምራዋለች። «እሳቸው የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው» ማለቷ ነው። መምህሯ «ዘይ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ሂ» ብለው አርመውላታል።

«አክስቴ፣ አባባን እንዴት ‹እሱ› እላቸዋለሁ?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚችው ትንሽ ቃል ከእሷ የባሰ ስህተት ሠርቻለሁ። ልዩነቱ፣ የእኔን በቀይ እስክሪብቶ ያረመልኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

«ፆታ፡ አይለይም»

ያኔ በምሠራበት ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ እንፈልግ ነበር። ማስታወቂያውን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማዘጋጀት የእኔ ድርሻ ሆነ። በአማርኛው ላይ እርስዎም ከየማስታወቂያ ሰሌዳው የሚያውቋትን መስመር አስገባሁ፦ «ፆታ፡ አይለይም»። በእንግሊዝኛው ላይ ግን ቦታ ጠበበኝና ይህችን መስመር ተውኳት። የሥራ ዝርዝሩን ደግሞ ከላይ እስከ ታች በ«ሂ» ሞላሁት። «ሂ» ደንበኞችን ይጎበኛል፣ «ሂ» ወደ ክልል ከተሞች ይጓዛል፣ «ሂ» መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ትምህርት ቤት የተማርኩት እንደዚያ ነበር፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ካልታወቀ «ሂ» በሉ፣ ሴቷንም ይጨምራል።

ከሳምንታት በኋላ አብራኝ ከተማረች ጓደኛዬ ጋር ቡና ልንጠጣ ተገናኘን። በሽያጭ ከእኔ የበለጠ ልምድ ያላት፣ መኪና የምትነዳ፣ በዚያን ሰሞንም ሥራ የምትፈልግ ሴት ናት። «የእኛን ማስታወቂያ አላየሽውም እንዴ?» አልኳት። «አይቼዋለሁ፤ እንግሊዝኛውን ሳነበው ወንድ ነው የሚፈልጉት ብዬ ተውኩት» አለችኝ።

ስኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። የጻፍኩት እኔ መሆኔን በዚያን ቀን ልነግራት አልደፈርኩም። ሴት ሆኜ ሴት ጓደኛዬን ከበር መልሻታለሁ። ቦታው ደግሞ ተይዞ ነበር።

እርስዎም ምናልባት የሥራ ማስታወቂያ አይጽፉ ይሆናል። ነገር ግን ለውጭ ድርጅት ኢሜይል ይልካሉ፣ ለልጅዎ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ይቀመጣሉ ወይም የልጅዎን የቤት ሥራ ያያሉ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ይህች ጥያቄ ትመጣለች፦ ወንድ ይሁን ሴት ያልታወቀን አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ምን ብለን እንጥራ?

ችግሩ የት ላይ ነው?

እንግሊዝኛ «እኔ» ሲልም ሆነ «አንተ» ወይም «አንቺ» ሲል ፆታ አይለይም፤ ለሁሉም «አይ» እና «ዩ» ይበቁታል። ጣጣው የሚመጣው ስለ ሦስተኛ ሰው፣ ያውም ስለ አንድ ሰው ሲያወራ ነው። ያኔ ያሉት «ሂ»፣ «ሺ» እና ለዕቃና ለእንስሳ የሚሆነው «ኢት» ናቸው። «ደንበኛ»፣ «ተማሪ»፣ «ሐኪም» ወይም «ማንም ሰው» ብሎ ለጀመረ ጸሐፊ ሦስቱም አይመቹም።

ተናጋሪዎቹ ግን መላውን ያገኙት ከጥንት ጀምሮ ነው። «እነሱ» የሚለውን «ዘይ» ለአንድ ሰውም ተጠቀሙበት። ይህ አጠቃቀም ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ሼክስፒርም ጄን ኦስተንም ጽፈውበታል። «የአሁን ዘመን ፋሽን ነው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ይህን ይንገሩት።

ነገሩ የተበላሸው በኋላ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሰዋስው መጻሕፍት ጸሐፊዎች «ዘይ» የብዙ ቁጥር ስለሆነ ለአንድ ሰው አይሆንም፣ «ሂ» በሉ ብለው ደነገጉ። የእንግሊዝ ፓርላማም እ.ኤ.አ. በ1850 ባወጣው አዋጅ በሕግ ውስጥ በወንድ ፆታ የተጻፈ ሁሉ ሴትንም እንደሚጨምር አስታወቀ። ይህ አካሄድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 7 በወንድ ፆታ የተደነገገው ለሴትም እንደሚሠራ ይናገራል። ሕግ እንዲህ ብሎ አስቀድሞ ማስታወቅ ይችላል። የእኔ የሥራ ማስታወቂያ ግን አንቀጽ 7 አልነበረውም።

አዲስ ቃል ለመፍጠር የሞከሩም ነበሩ። ቻርልስ ኮንቨርስ የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያና የዜማ ደራሲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን «ያኛው አንዱ» ከሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ቆርጦ «ዞን» የሚል ተውላጠ ስም ሠራ። ለእኛ ጆሮ የአስተዳደር ዞን ይመስላል! ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1934 የሜሪያም ዌብስተር ትልቁ መዝገበ ቃላት ውስጥ እስከ መግባት ደርሶ ነበር፤ የሚጠቀምበት ሰው ስለጠፋ በ1961ቱ እትም ወጣ። ሰው በአፉ ያልለመደውን ቃል መዝገበ ቃላት ሊያኖረው አይችልም።

ለውጡ የመጣው ሴቶች «የት አለን?» ብለው ሲጠይቁ ነው። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ዶክተር ቤንጃሚን ስፖክ እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጡትና ብዙ ወላጆች ልጅ ያሳደጉበት መጽሐፍ ሕፃኑን ሁሉ «ሂ» ይል ነበር። ትችት ሲበዛባቸው በ1976ቱ እትም አስተካከሉት። የመመረቂያ ጽሑፍ ያዘጋጀ ሰው የሚያውቀው የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያ፣ በተለምዶ ኤ.ፒ.ኤ. የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 7ኛ እትሙ ፆታው ላልታወቀ አንድ ሰው «ዘይ» መጠቀምን ደግፏል። በዚያው ዓመት ሜሪያም ዌብስተር «ዘይ»ን የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል። ራሳቸውን ወንድም ሴትም ብለው ለማይጠሩ ሰዎች የሚያገለግልበትን ትርጉምም መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ጨምሮበታል።

የእኛው ቋንቋ ያውቀዋል

ወደ እህቴ ልጅ ልመልስዎ። ልጅቷ «ዘይ»ን ከየት አመጣችው? ከአማርኛዋ ነው። «እነሱ መጡ» ስንል ብዙ ሰዎች ናቸው። «እሳቸው መጡ» ስንል አንድ ሰው ናቸው። ግሱ ግን ያው «መጡ» ነው። አንድን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ለእኛ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ማንም «አንድ ሰው እንዴት መጡ ይባላል?» ብሎ ሲከራከር አልሰማሁም።

እንግሊዝኛም ራሱ በዚህ መንገድ አልፏል። ዛሬ ለአንዱም ለብዙውም የምንለው «ዩ» ድሮ የብዙዎች ነበር። ለአንድ ሰው የሚባለው «ዛው» ነበር። ሰዎች አንዱን ለማክበር በብዙ ቁጥር እየጠሩ፣ ልክ እንደ እኛ አንቱታ፣ ቆይተው «ዛው»ን ረሱት። ለአንድ ሰው «ዩ አር» እያለ የሚጽፍ ሰው «ዘይ አር» ለአንድ ሰው አይሆንም ብሎ መቆጣቱ ያስገርማል።

በእኔ ሙያ ደግሞ ይህ አንቱታ ባይኖር ኖሮ ጉድ ነበር። አማርኛ «ደውል» ወይም «ደውዪ» ብሎ ካልለየ አላስቀምጥ ይላል። ለአንድ ትልቅ ሰሌዳ ሁለት ማስታወቂያ አይጻፍ ነገር! ስለዚህ «ይደውሉ፣ ይጎብኙን፣ ይሸለሙ» እንላለን። በስልክዎ የሚደርስዎት መልእክት «ውድ ደንበኛችን» የሚለው ለዚሁ ነው። እኔም ይህን መጽሔት የያዙት እርስዎ ወንድ ይሁኑ ሴት አላውቅም፤ እስካሁን ግን ተቸግረን አልተነጋገርንም።

አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የልጅቷ መምህርም ትክክል የሆኑት በዚህ ነው። የእኛ «እሳቸው» አክብሮት ነው። የእንግሊዝኛው «ዘይ» አክብሮት የለበትም፤ ሰውየው አለመታወቁን ወይም ፆታው አለመነገሩን ነው የሚያሳየው። አያቷ የታወቁ ወንድ ናቸውና «ሂ» ናቸው። ይህ በእንግሊዝኛ ድፍረት አይደለም። ስለ አለቃዎ፣ ስለ አባትዎ ወይም ስለ አንድ የታወቀ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ አክብሮቱን በማዕረጋቸውና በአገላለጽዎ ያሳዩ እንጂ በ«ዘይ» አይፈልጉት።

ታዲያ ሲጽፉ ምን ያድርጉ?

በሥራዬ እየሞከርኩ የለመድኳቸውን ላካፍልዎ።

አንባቢውን በቀጥታ ያነጋግሩ። «አመልካቹ መንጃ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል» ከማለት «መንጃ ፈቃድ ሊኖርዎት ይገባል» ይበሉ። በእንግሊዝኛ «ዩ» ካሉ ጥያቄው ከነጭራሹ ይጠፋል። ለማስታወቂያና ለመመሪያ ከዚህ የሚሻል የለም።

ብዙ ያድርጉት። «አንድ ተማሪ» ብለው ከሚጀምሩ «ተማሪዎች» ብለው ይጀምሩ። ከዚያ «ዘይ» ቢሉ የድሮው የሰዋስው መምህርም አይቆጣዎትም።

ተውላጠ ስሙን ያውጡት። «ሠራተኛው ሪፖርቱን ያስገባል» ለማለት የግድ «ሂዝ ሪፖርት» ማለት አያስፈልግም፤ «ዘ ሪፖርት» ይበቃል። ብዙ ጊዜ ስትወጣ የምትጎዳው ነገር የለም።

ካልሆነ «ዘይ» ይበሉ። «ደንበኛ ከደወለ ስም ይጠየቅ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ «ዘም» እና «ዜር» በደንብ ይሠራሉ። ግሱን ግን ይጠንቀቁ፤ ሰውየው አንድ ቢሆንም «ዘይ አር» እንጂ «ዘይ ኢዝ» አይባልም። እኛም «እሳቸው መጣ» አንልም።

«ሂ ኦር ሺ» አንዴ ይበቃል። ስህተት አይደለም፤ አንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ሲመጣ ግን አንባቢን ያደክማል።

«ዲር ሰር»ን ይተዉት። ደብዳቤውን የሚከፍተው ሰው ሴት ብትሆንስ? የሥራ መደቡን ይጥሩ፤ ስሙን ካወቁ ደግሞ ሙሉ ስሙን ይጻፉ። የውጭ ሰው ስም ያሳስታል፤ የእኛም ቢሆን ያው ነው። ስንታየሁ፣ ምህረት፣ ትንሳኤ፣ ቃልኪዳን የሚባሉ ወንዶችም ሴቶችም ያውቁ የለ? ፈረንጁ ለእነርሱ ሲጽፍ የሚጨነቀውን ያህል እኛም ለእሱ እንጨነቅ።

የተነገረዎትን ያክብሩ። በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ኢሜይል ግርጌ ከስም ቀጥሎ «ሺ» ወይም «ሂ» ወይም «ዘይ» ተብሎ ተጽፎ ያገኛሉ። ሰውየው እንዲህ ጥሩኝ ብሎ ነግሮዎታል ማለት ነው፤ መልስ ሲጽፉ በዚያው ይጥሩ። መገመት ቀረልዎ።

ተማሪ ከሆኑ ወይም ተማሪ ካለዎት መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ወይም የአማካሪ መምህሩን መመሪያ ይጠይቁ። አንዳንድ መምህራን እስካሁን የድሮውን ሕግ ይዘዋል። ለውጤት ሲባል መከራከር አያስፈልግም፤ «ብዙ ያድርጉት» የሚለው ዘዴ ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል።

እህቴ ልጅ ጋር ያደረግነው ድርድር እንዲህ አለቀ። «እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም። አባባም ‹ሂ› ስትያቸው አይቀየሙም» አልኳት። ካላመነችኝ ብዬ ደብረ ብርሃን ደወልንላቸው። አባቴ እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሲሰሙ ከት ብለው ሳቁና «በእንግሊዝኛ እሱ፣ በአማርኛ አንቱ፤ ተስማምተናል» አሏት። ደብተሯን ዘግታ ሄደች።

ለጓደኛዬም ዓመት ከቆየሁ በኋላ ያን ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እሷ ሌላ ቦታ ሥራ አግኝታ ነበርና ቀለል አድርጋ ወሰደችው። «ከእኔ ሌላ ስንት ሰው ይሆን የተመለሰው?» አለች ብቻ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ኮምፒውተሬን «ሂ» የሚለውን ቃል ፈልግ እለዋለሁ፤ ያገኘውን ሁሉ አንድ በአንድ አያለሁ። ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። እርስዎም ቢሮዎ ውስጥ ለዓመታት እየተገለበጠ የሚላክ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ካለ፣ ነገ ጠዋት አንዴ ይክፈቱትና እንዲሁ ይፈልጉ።