ጥቁር ልብስ እንዳይነጣ

ቡናችንን ሸጠን ቅዳሜ ከጂንካ ገበያ የገዛነው ጥቁር ልብስ ሳይከርም አመድ ይመስላል። ከል ለብሶ ዓመት ለሚቆይ ሐዘንተኛማ ሌላ መግዣው ከየት ይመጣል?

ቀለሙን ከሚወስዱት አንዱ ፀሐይ ነው። ብርሃኑ ክሩ ውስጥ ያለውን ቀለም ያፈርሰዋል። ነሪ ወንዝ ወርደን ስናጥብ፣ ትኩስ ድንጋይ ላይ አስጥተነው እንውላለን። ይህ ለነጭ ልብስ ደግ ነው፤ ለጥቁር ግን አይሆንም። ገልብጠን፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ እናስጣው። ስናጥበውም በቀዝቃዛ ውሃ፣ ድንጋይ ላይ ሳንወቅጠው ይሁን። የአመድ ውሃም ኃይለኛ ስለሆነ ይቅርበት።

አንዳንዴ ደግሞ ልብሱ የነጣ ይመስለናል እንጂ ቀለሙ አልለቀቀም። ኦሞ የምንለው የዱቄት ሳሙና (ከወንዛችን ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም) ሲበዛና በደንብ ሳይለቀለቅ ሲቀር፣ ደርቆ ክሩን ያለብሰዋል። ስለዚህ ማቅለሚያ ለመግዛት ከመሮጣችን በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እናለቅልቀው። ጥቁረቱ ከተመለሰ ገንዘባችን ተረፈ ማለት ነው።

ቀለሙ በእርግጥ ከለቀቀ ግን ማቅለም ነው። ለጥጥ ልብስ የጥጥ ማቅለሚያ እንግዛ፤ ፖሊስተር የሚባለው ክር ይህን ቀለም አይቀበልም። ወረቀቱ ላይ ምን ያህል ውሃና ጨው እንደሚገባ ተጽፏል፤ እናንብበው። ጨው ቀለሙ ከውሃው ወጥቶ ወደ ክሩ እንዲገባ ይረዳል። አንዳንዶች የነጣ ልብስ በጨው ውሃ ይዘፈዝፋሉ፤ የሄደን ቀለም ግን ጨው አይመልስም። ሲፈላ በእንጨት እናማስለው፣ አለዚያ ይዥጎረጎራል። ድስቱ ደግሞ ወጥ የማይሠራበት ይሁን።