የእንግሊዝኛን ድምፅ ስለሚጽፉት ምልክቶች

እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። ይኸውም ፊደሎቹን አንድ በአንድ ካነበበ በኋላ እንኳ የቃሉ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ እርግጠኛ አለመሆኑ ነው። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የተባሉት አራት ፊደሎች ተከታትለው ሲጻፉ፣ «ሳል» ማለት በሆነው ቃል «ኦፍ»፣ «ምንም እንኳ» ማለት በሆነው «ኦ»፣ «በመካከል አልፎ» ማለት በሆነው ደግሞ «ኡ» ተብለው ይነበባሉ። ሀሁ ቈጥሮ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ በእኛ ዘንድ «ቡ» የትም ቢጻፍ «ቡ» ነውና።

ይህን ችግር ለማቃለል ፖል ፓሲ የተባለ ፈረንሳዊ ከባልደረቦቹ የቋንቋ መምህራን ጋር ሆኖ፣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1886 ዓ. ም. በፓሪስ አንድ ማኅበር አቋቋመ፤ በ1888ም የምልክቶች ገበታ ታተመ። ሕጉ አጭር ነው፤ ለአንድ ድምፅ አንድ ምልክት። በ1917 የሎንዶኑ መምህር ዳንኤል ጆንስ የእንግሊዝኛን አነባበብ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት በእነዚህ ምልክቶች አሳተመ። ዛሬም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከቃሉ ቀጥሎ የሚታዩት እንግዳ ፊደሎች የዚሁ ሥራ ፍሬ ናቸው። ብዙ ሰው ዘሏቸው ያልፋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ቢያጠኗቸው ይበቃል።

አብዛኞቹ የታወቁት የላቲን ፊደሎች ናቸው። ምላስን በጥርስና በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣው፣ እኛ «ሰ» እያልን የምናልፈው ድምፅ፣ በግሪኩ ቴታ ይጻፋል። የረዘመ ድምፅ የእኛን ሁለት ነጥብ የሚመስል ምልክት ይከተለዋል፤ «በግ» ማለት የሆነውን ቃል «መርከብ» ማለት ከሆነው የሚለየው አንዱ ይህ ነው። ከላይ የምትደረግ ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት ደግሞ ድምፁ የሚበረታበትን ክፍል ታመለክታለች። «ሪከርድ» የሚለው ቃል መጀመሪያው ሲበረታ መዝገብ ማለት ነው፤ መጨረሻው ሲበረታ መመዝገብ ማለት ነው። ጅራት ያላት «ኤን» በአፍንጫ የሚወጣውን የ«ኪንግ»ን መጨረሻ ትጽፋለች። ይህ ድምፅ ለአማርኛ ተናጋሪ ይከብደዋል፤ በጭልጋ አካባቢ ጥቂት ሽማግሌዎች ለሚናገሩት ለቅማንትኛ ግን የቤት ልጅ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመን ተገልብጣ የምትጻፈው የላቲን «ኢ» ናት። በእንግሊዝኛ «ቲቸር» በሚለው ቃል መጨረሻ የሚሰማውን ደካማ ድምፅ ታሳያለች፤ ይህም ለእኛ ግዕዝ ድምፅ፣ ለ«በ»ና ለ«ደ»፣ እጅግ ይቀርባል። ማኅበሩ በ1999 ባሳተመው መመሪያ መጽሐፍ የአማርኛው ግዕዝ የተጻፈው በዚችው ምልክት ነው። በተራው የላቲን ፊደል ግን ለዚህ ድምፅ ቦታ የለውም። ስለዚህ ጎንደርን አንዱ በ«ኤ» ሌላው በ«ኢ» ይጽፋታል፤ የፊተኛውን ያየ የውጭ አገር ሰው «ጎንዳር» ይላል። ከተማይቱስ ስሟ ታዋቂ ነውና አትጠፋም። አበበ ወይም ከበደ የተባለው ባለጉዳይ ግን በትምህርት ማስረጃው በአንድ ፊደል፣ በፓስፖርቱ በሌላ ፊደል ከተጻፈ፣ ሁለቱ ሰዎች እርሱ ብቻ መሆኑን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳል። ጸሐፊው ስሙን በላቲን ከመጻፉ በፊት የቀድሞውን ወረቀት አምጣ ቢለው ይህ ሁሉ ድካም ይቀር ነበር።

የእኛም ፊደል ቢሆን ጐደሎ የለበትም አይባልም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው። «ዋና»ም ላልቶ በውሃ ውስጥ ነው፤ ጠብቆ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ነው። ጽሕፈቱ ግን አንድ ነው፤ የድምፅ ምልክቶቹ ይህን ይለያሉ። «ከዳ»ንና «ቀዳ»ንም በአንድ የላቲን «ኬ» የሚጽፍ ሰው ውሃ የቀዳውን ከሐዲ ሊያደርገው ይችላል፤ በምልክቶቹ ግን «ቀ» ከ«ኬ» ቀጥሎ በምትደረግ ትንሽ ጭረት ትታወቃለች።

በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረውም። በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ «ወይዘሮ»ን «ኦዞሮ»፣ የእቴጌ ምንትዋብን ቍስቋምንም «ኮስካም» ብሎ ጻፈ። በዛሬዎቹ ምልክቶች «ቋ»ን ለመጻፍ «ኬ»፣ ከፍ ብላ የምትቀመጥ ትንሽ «ደብልዩ»፣ ጭረትና «ኤ» ያስፈልጋሉ፤ አራት ምልክት መሆኑ ነው። የቍስቋም ደብር ተማሪ የሚጽፋት በአንድ ፊደል ነው።