ያገለገለ የጠላቂ ኮምፒዩተር ከመግዛታችን በፊት

በመካከለኛው ምሥራቅ የምንማር ኢትዮጵያውያን ቀይ ባሕርን በደጃችን አግኝተነዋል። በየዕረፍቱ ወደ ሁርጋዳ፣ ወደ ዳሃብና ወደ አቃባ ወርደን ከመዋኘት አልፈን የስኩባ ትምህርት የጀመርን ጥቂት አይደለንም። ትምህርቱ ሲያልቅ ወዲያው የሚነሣው ጥያቄ የዕቃ ጥያቄ ነው። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው የጠላቂ ኮምፒዩተር ደግሞ ከዕቃዎቹ ሁሉ የተማሪን ኪስ ከሚፈትኑት አንዱ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ዓይናችንን የምንጥለው ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው በሚሸጠው፣ ወይም የኪራይ ሱቅ አገልግሎ በሚያወጣው ዕቃ ላይ ነው።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለበትም። ሆኖም ያገለገለ ብስክሌት ቢበላሽ በእግር ያስኬዳል፤ ያገለገለ የጠላቂ ኮምፒዩተር ግን ቢዋሽ አካልን ሊያጎድል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ለጀማሪ ምን ዓይነት መሣሪያ እንደሚበቃ፣ እንዴት እንደሚመረመርና መቼ ትቶ መሄድ እንደሚሻል ነው።

ሀ. መሣሪያው በእርግጥ ምን ይሠራል?

ወደ ባሕር በጠለቅን ቁጥር በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ ከባቢ አየር ይጨምራል። በ30 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። በዚህ ግፊት የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደማችንና በሥጋችን ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለን ከወጣን በሳንባችን በኩል ይወጣል፤ ቸኩለን ከወጣን ግን በሰውነታችን ውስጥ አረፋ ይሆናል። የአምቦ ውኃ ጠርሙስ በዝግታ ሲከፈትና በድንገት ሲከፈት ያለውን ልዩነት ያየ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። በሰውነት ውስጥ የሚፈጠረው አረፋ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ ከባሰም ሽባነትና ሞት ሊያስከትል ይችላል።

ይህን ለመከላከል ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው ሳይንቲስት ከባልደረቦቹ ጋር በፍየሎች ላይ ምርምር አድርጎ በ1908 እ.ኤ.አ. የመውጫ ሠንጠረዥ አሳተመ። ሰውነትን ናይትሮጅን በተለያየ ፍጥነት የሚቀበሉና የሚለቁ አምስት ክፍሎች እንዳሉት አድርጎ አሰላው። ኋላ በዙሪክ አልበርት ቡልማን ክፍሎቹን ወደ 16 አሳደጋቸው፤ የዛሬ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ የሚያሰሉት በእርሱ ቀመር ወይም በተመሳሳይ ዘዴ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ኤጅ የተባለው መሣሪያ ለገበያ ከዋለ ወዲህ ስሌቱ ከወረቀት ሠንጠረዥ ወደ ጠላቂው እጅ ተዛወረ። ተራው ሠንጠረዥ ጠላቂው ጊዜውን በሙሉ በጥልቁ ቦታ እንዳሳለፈ ይቆጥራል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በየሴኮንዱ ያለበትን ጥልቀት እየለካ ያሰላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨበጥ ይገባል። ኮምፒዩተሩ ደማችንን አይመረምርም። የሚለካው በመሠረቱ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጥልቀትና ሰዓት። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ የሚወጣ ስሌት ነው። ስለሆነም የጥልቀት መለኪያው ከተሳሳተ በመስታወቱ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ይሳሳታል። ፓዲ የተባለው የማሠልጠኛ ድርጅት ባወጣው ሠንጠረዥ መሠረት ለመጀመሪያ ጥልቆሽ በ18 ሜትር የሚፈቀደው ጊዜ 56 ደቂቃ፣ በ22 ሜትር ግን 37 ደቂቃ ነው። 22 ሜትር ላይ ሳለን «18 ነው» የሚለን መሣሪያ በዚህ ሚዛን 19 ደቂቃ ያለ አግባብ ሰጠን ማለት ነው።

ለ. ለጀማሪ ምን ይበቃዋል?

ጀማሪ ጥልቀትን፣ የቆይታ ጊዜን፣ ያለ ማረፊያ ለመውጣት የቀረውን ደቂቃና የመውጫ ፍጥነትን የሚያሳይ መሣሪያ ይበቃዋል። በ5 ሜትር ላይ የሚደረገውን የሦስት ደቂቃ የጥንቃቄ ማረፊያ የሚቆጥርና ያለፉ ጥልቆሾችን መዝግቦ የሚይዝ ከሆነ መልካም ነው። ናይትሮክስ የተባለውን ኦክሲጅን የበዛበት አየር የሚቀበል ቢሆን ለነገ ይጠቅማል። ለሂሊየም ድብልቅ የተሠራውን ወይም የጋኑን ግፊት በሬዲዮ የሚያነበውን ሻጩ ቢያሞግሰውም ለጊዜው ይቆየን። በተለይ የሬዲዮ ማስተላለፊያው የራሱ ባትሪና የራሱ ብልሽት ያለው ሌላ ዕቃ መሆኑን አንርሳ።

ሐ. ገንዘብ ከመክፈል በፊት የሚደረግ ምርመራ

1. ሞዴሉና ዕድሜው። የሞዴሉን ስምና የተሠራበትን ተራ ቁጥር ከሻጩ ተቀብለን፣ ፋብሪካው ዛሬም ጥገናና መለዋወጫ የሚሰጥበት መሆኑን እንጠይቅ። በጉድለት ምክንያት ተመላሽ እንዲሆን የተጠራ መሆን አለመሆኑንም እናጣራ። ይህ ተራ ሥጋት አይደለም። በ1995 እ.ኤ.አ. የተሠራ አላዲን ኤር ኤክስ ናይትሮክስ የተባለ ሞዴል፣ ጠላቂው ከውኃ ወጥቶ ተራ አየር ሲተነፍስ ሳለ ናይትሮክስ እንደሚተነፍስ አድርጎ የሚያሰላ ሆኖ ተገኝቶ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተመላሽ እንዲሆን በይፋ ተጠርቷል። እንዲህ ያለው ዕቃ ዛሬም ከአንድ መሳቢያ ወጥቶ ለሽያጭ ሊቀርብ ይችላል። በጣም ያረጁ መሣሪያዎች የሚፈቅዱት የመውጫ ፍጥነትም ዛሬ ከሚመከረው ሊበልጥ ይችላል፤ ቀድሞ በደቂቃ 18 ሜትር የተለመደ ነበር፤ ዛሬ የሚመከረው ከ9 ወይም ከ10 ሜትር እንዳይበልጥ ነው።

2. ባትሪው። ባትሪውን ባለቤቱ ራሱ የሚቀይረው ነው ወይስ ወደ ጥገና ሱቅ መላክ አለበት? በኃይል የሚሞላ ከሆነስ ስንት ሰዓት ይቆያል? የባትሪውን ክዳን አስከፍተን እንይ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ከታየ ጨው ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የዋጋ ክርክር አያስፈልግም፤ ትቶ መሄድ ነው። ውኃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ከሆነ ከባትሪው ጋር መቀየር አለበት።

3. የጥልቀት መለኪያው። ዋናው ምርመራ ይህ ነው። መሣሪያው ደረቅ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ዜሮ ማሳየቱ ምንም አያረጋግጥም። ጥሩ የጠላቂ ዕቃ ሱቆች መሣሪያውን ውኃ ያለበት የግፊት ጋን ውስጥ አስገብተው ከታወቀ ግፊት ጋር ያስተያዩታል። ሻጩ በዚህ እንዲስማማ እንጠይቀው፤ የማይስማማ ከሆነ ምክንያቱን ራሱ ነግሮናል። ሁለተኛው ዘዴ ከአሠልጣኝ ጋር ጥልቀት በሌለው ቦታ ጠልቆ የኪራይ ወይም የአሠልጣኙን ኮምፒዩተር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። አንዱ ለጨው ውኃ፣ ሌላው ለጨው አልባ ውኃ የተዘጋጀ ከሆነ ሦስት በመቶ ያህል ልዩነት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ከዚያ የበለጠ ልዩነት ግን ችላ አይባልም።

4. መዝገቡ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የጥልቆሾችን ብዛት፣ ጠቅላላ ሰዓትና ትልቁን ጥልቀት ይይዛሉ። «አሥር ጊዜ ብቻ ነው የተጠቀምኩበት» የሚለን ሻጭ መዝገቡ አራት መቶ ካለ ሌላውም ቃሉ በዚያው ልክ ይመዘናል።

5. አካሉ። ቁልፎቹ ሁሉ በየተራ ይነኩ። መስታወቱ ውስጥ ጉም፣ የጠፋ መስመር ወይም ስንጥቅ ካለ አንግዛ። የማሰሪያ መቀደድ ግን በርካሽ ስለሚጠገን ለመደራደሪያ ይጠቅማል።

መ. ዋጋው ያዋጣል ወይ?

ለጀማሪ የሚሆን አዲስ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። ለምሳሌ አዲሱ 250፣ ያገለገለው 130 ዶላር ነው እንበል። ለባትሪ፣ ለጎማ ቀለበትና ለግፊት ምርመራ 50 ዶላር ቢወጣ ጠቅላላው 180 ይሆናል። የተረፈን 70 ዶላር ነው፤ በምትኩ የፋብሪካ ዋስትናውን አጥተናል። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ያገለገለው የሚያዋጣው የምርመራው ወጪ ተጨምሮበት ከአዲሱ ግማሽ ዋጋ ገደማ ሲሆን ነው። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጠልቅ ተማሪ ግን ከሱቅ መከራየት ከሁለቱም ይረክሳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደተባለው፣ ለነገ ጉዞ ዛሬ ማታ ተጣድፎ መግዛት አይገባም።

ሠ. ከገዛን በኋላ

የቀድሞው ባለቤት ያዘጋጀው ሁሉ ከእኛ ጋር አይስማማም። መመሪያውን ከፋብሪካው አግኝተን አንብበን የአየሩን ድብልቅ፣ የውኃውን ዓይነት፣ የከፍታውንና የጥንቃቄውን ደረጃ አንድ በአንድ እንይ። ባለቤቱ ትናንት ጠልቆበት ከሆነ መሣሪያው የእርሱን ናይትሮጅን እያሰላ ነውና ሂሳቡን እስኪጨርስ እንጠብቅ። በዚያው ምክንያት አንድ ኮምፒዩተር ለሁለት ጓደኛሞች አይሆንም፤ ጠዋት አንዱ፣ ከሰዓት ሌላው ቢያስረው ስሌቱ የማንም አይደለም። በውኃ ውስጥ ሳለን መሣሪያው ቢጠፋ ጥልቆሹን አቁመን፣ በዝግታ ወጥተን፣ በ5 ሜትር አርፈን ቀኑን እንዝጋ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ አለ። ከጠለቁ በኋላ በአውሮፕላን መሄድ አረፋውን ሊቀሰቅስ ይችላል። የተለመደው ምክር ከአንድ ጥልቆሽ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀናት ወይም በተደጋጋሚ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ የግዴታ ማረፊያ ከነበረበት ጥልቆሽ በኋላ ደግሞ ከዚያም በላይ መቆየት ነው። ወደ ባሕር ጠረፍ ከተማ የሚበር ሰው ሲያርፍ ሙሉውን ግፊት መልሶ ያገኛል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች፣ ከአውሮፕላኑ ስንወርድም ያው ዝቅተኛ ግፊት ይጠብቀናል። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ተማሪ ሙሉ አንድ ቀን መጨመር ብልህነት ነው። ከዳሃብ ጠልቆ በዚያው ማታ ወደ ሲና ተራራ ለመውጣት የሚያስብም ጫፉ 2,285 ሜትር መሆኑን ይወቅ፤ ተራራውን አስቀድሞ፣ ባሕሩን አስከትሎ ጉዞውን ያቅድ።

ከጥልቆሽ በኋላ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የእግር መክዳት ወይም ያልተለመደ ድካም የተሰማው ሰው «ኮምፒዩተሩ ደኅና ነህ ብሎኛል» ብሎ አይተኛ። ንጹሕ ኦክሲጅን ይሰጠው፤ ወዲያውም ወደ ሐኪም ይወሰድ። በሻርም ኤል ሼክና በሁርጋዳ ለዚህ ሕመም የተዘጋጁ የግፊት ክፍሎች አሉ።

በአጭሩ፣ ያገለገለ የጠላቂ ኮምፒዩተር ሲገዛ የሚገዛው የጥልቀት መለኪያው እውነተኛነት ነው። ያ ከተረጋገጠ ያረጀ ማሰሪያና የተጫጫረ መስታወት ምንም አይደሉም፤ ያ ካልተረጋገጠ ግን በነፃ ቢሰጠንም ውድ ነው። ከእኛ መካከል በዚህ ረገድ ልምድ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች በተለይ የግፊት ምርመራ የሚያደርጉ ሱቆችን ብታመለክቱን፣ ለሚቀጥለው ዕረፍት ተጓዦች ይጠቅማልና ጻፉልን።