«ጢም አድርገው» የሚያስከፍለን
ዛሬ ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ወጪ ነው የማወራው።

ነዳጅ እንዳይጠፋ ብለን ገጠር ከመውጣታችን በፊት ማደያ ላይ «ጢም አድርገው!» እንላለን። መቅጃው ጠቅ ብሎ ቆሞም ያስጨምራል። ስህተቱ እዚህ ጋ ነው።

በቤንዚን መኪና ታንክ ከላይ ባዶ የሚተወው ቦታ ለትነት ነው። ትነቱ በቱቦ ሄዶ መካኒኮች ካኒስተር በሚሉት፣ ከሰል በያዘ ዕቃ ይጠራቀማል፤ ሞተሩ ሲሠራ ስቦ ያቃጥለዋል። ታንኩ ከልክ ሲያልፍ ግን ፈሳሹ ራሱ ከሰሉ ውስጥ ይገባል። ከሰሉ ከራሰ ትነቱ ወደ አየር ያመልጣል፣ መኪናው ቤንዚን ይሸታል፣ ቼክ ኢንጂን ይበራል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ዕቃውን መቀየር ነው።

ሙቀትም አለ፦ 60 ሊትር ቤንዚን በ20 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሊትር በላይ ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ስንወርድ ያ ባዶ ቦታ የግድ ያስፈልጋል።

ለእኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ቡና ሽታ ይስባል። ናሙና የጫነ መኪና ቤንዚን ከሸተተ ቀማሹ ፊት ነው የምንዋረደው።

የናፍጣ አይሱዙ ይህ ካኒስተር የለውም፤ ሞልቶ የሚፈሰው ግን ያው ገንዘብ ነው።

ባጭሩ፦ አንዴ ጠቅ ካለ በቃ! መልካም ገበያ።